በሰኔ ሚካኤል ዝም ያሰኘኋት ልጅ

በቁሐር ሚካኤል ስለ ልጄ የሚወራውን የሰማ ሰው ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ። ያልሰማም ያንብበው። በተለይ አባት ከሆነ ይጠቅመዋል።

ታከለ እባላለሁ። የተወለድኩት ቁሐር ሚካኤል ነው፤ የምኖረው ግን ወረታ ከተማ ውስጥ ነው፤ እዚያ የሩዝ መፈልፈያ አለኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ሃያ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ ያስተማረኝም የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። ማሽኑንም ማንም አላሳየኝም። ፈትቼ፣ አበላሽቼ፣ መልሼ ገጥሜ ነው ያወቅሁት። በራሱ የተማረ ሰው አንድ ሕመም አለበት፤ ሌላው የሚያውቀውን ሁሉ እሱ ቀድሞ ያወቀው ይመስለዋል። እኔም ይህ ሕመም ነበረብኝ። አሁንም ሙሉ በሙሉ ለቆኛል አልልም።

አንድ ነገር ግን ነበረኝ። ቃሌ ይታመናል። ሚዛን አላጓድልም፤ ከሰው ሩዝ ላይ አንዲት እፍኝ አላስቀርም። በፎገራ ሜዳ ላይ ሁለት ሰው ቢጣላ "ታከለ ይጠየቅ" ይባላል። በዚህ ስም እኮራ ነበር። ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚሁ ስም እያስፈራራሁ ነው።

ትርንጎ የመጀመሪያ ልጄ ናት። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ስትደርስ ለልምምድ ባሕር ዳር ያለ አንድ የቴክኖሎጂ ድርጅት ተመደበች፤ በሽያጭ ክፍል። ድርጅቱ የሚሸጠው የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ነበር። እንደ ጉማራችን ባለ ወንዝ ዳር የሚተከል የብረት ምሰሶ ነው። አናቱ ላይ ከፀሐይ ኃይል የሚስብ ሰሌዳ አለው፤ ከጎኑ ወደ ውኃው የሚወርድ ሽቦ አለው። ውኃው ከልክ ሲያልፍ በስልክ መስመር ባሕር ዳር ያሳውቃል፤ ከዚያ ደግሞ በአንዴ የተመዘገበው ሰው ሁሉ ስልክ ይጮኻል። ስልኩ ሲነሳ የሚሰማው ድምፅ የትርንጎ ነው። የድርጅቱ ሰዎች የአገሩን አነጋገር የምታውቀው እሷ ናት ብለው በእሷ ድምፅ ቀዱት። "ጉማራ እየሞላ ነው! ከብታችሁን ወደ ከፍታ አውጡ! ሕፃናትንና አቅመ ደካሞችን አስቀድሙ!" ይላል።

የተማሪ ልምምድ ያልፋል ያልኩት ነገር ከበድ ያለ ሆነ። ልጅቱ ቢያንስ አንድ ጎጥ ሙሉ ካላስመዘገበች ልምምዱ አይያዝላትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቁሐር እየተመላለሰች አንድ ሰው አልመዘገበችም።

"አባየ፣ ሰው አይቀበለኝም" አለችኝ አንድ ምሽት። "መሣሪያውን ሳይሆን እኔን ነው የሚያዩት። 'የማን ልጅ ነሽ?' ይሉኛል። የእርስዎን ስም ስጠራ 'ታዲያ አባትሽ ለምን አልመጣም?' ይላሉ።"

"እመጣለሁ" አልኳት። "ስሜ ይሸጥልሻል።"

ሳቀች። እኔ ግን መቀለዴ አልነበረም።

ሰኔ ሚካኤል ዋለ። ከቅዳሴ በኋላ የጎጡ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ጥላ ሥር እንደ ልማዱ ተቀመጠ። ተነሥቼ ተናገርኩ። ስለ መሣሪያው የማውቀው ትርንጎ እራት ላይ የነገረችኝን ያህል ብቻ ነው። የተናገርኩት ግን ራሴ የሠራሁት ያህል ነበር።

አያ ደሴ የጎጡ ሽማግሌ ነው፤ ቀልድ አያጣም። "እንግዲህ ጉማራ ስልክ ይደውልልናል በለና!" አለ። "'ሃሎ ደሴ፣ መጣሁብህ' ሊለኝ ነው?"

"አዎ፣ እንዲያ ሊልህ ነው" አልኩት።

"ካልጣመኝስ ልዘጋበት እችላለሁ?"

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። በሳቁ መሃል ትርንጎ ብድግ አለች። ነጠላዋን አስተካከለችና "አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ አንድ ነገር ልጨምር። መሣሪያው ጥሩ ነው። ነገር ግን..." አለች።

"ትርንጎ!" አልኳት።

ዞረች።

"ነገር ግን የሚባል የለም። እኔ ተናግሬያለሁ፤ አልቋል። ተቀመጪ።"

ተቀመጠች። ሰዉም ወዲያው ስልክ ቁጥሩን እየጠራ ተመዘገበ። የራሴን ቁጥር መጀመሪያ አስመዘገብኩ፤ እንዲያዩኝ ብዬ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እማሆይ ጥሩ እንኳ ስልክ ሳይኖራቸው "እኔንም ጻፉኝ" አሉ። "ታከለ ካለ አለ ነው" አሉ። እማሆይ ጥሩ ባላቸው ከሞተ በኋላ የመነኮሱ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ አንዲት የፎገራ ላም ብቻ ያለቻቸው ሴት ናቸው። ቤታቸው ከጎጡ ዳር፣ ለወንዙ ከሁሉ የቀረበው ነው።

በባጃጅ ስንመለስ ትርንጎ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። "ኔትወርክ ከጠፋ መሣሪያው አይናገርም፤ የወንዝ ጥበቃውን እንዳትተዉ ልላቸው ነበር።"

የወንዝ ጥበቃ የምትለው ነገር ለማያውቅ ላስረዳ። ፎገራ ሜዳ ላይ ጎርፍ የሚመጣው እዚያ ስለዘነበ አይደለም። ጉና ተራራ ላይ ይዘንባል፤ እዚህ ፀሐይ እየወጣ ጉማራ ይሞላል። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ መስከረም የጎጡ ሰው በየተራ ወንዙ ዳር ይቀመጣል። ሦስት ቦታ ላይ የልክ ምልክት የተከረከመበት እንጨት ውኃው ውስጥ ተተክሏል። ውኃው ሁለተኛውን ክርክም ሲያልፍ ተረኛው ይጮኻል፤ የሰማው ተቀብሎ ይጮኻል፤ ጩኸቱ ከቤት ወደ ቤት አልፎ ሜዳውን ያዳርሳል። አድካሚ ሥራ ነው። ጊዜው የሩዝ አረም የሚበረታበት በመሆኑ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ወንዝ ላይ ተቀምጦ ሲውል ማሳው ይጎዳል። ሰዉ መሣሪያውን የወደደው ከዚህ ተራ እገላገላለሁ ብሎ ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ የጎጡ ልጅ ነኝ።

"ሻጭ በራሱ ዕቃ ከተጠራጠረ ማን ይገዛዋል?" አልኳት። "ቀስ ብለሽ ትነግሪያቸዋለሽ።"

"ነገ ወደ ባሕር ዳር ተጠርቻለሁ፤ እስከ ነሐሴ አልመለስም። ሩዝ ለማስፈልፈል ሲመጡ እርስዎ ይንገሩልኝ፤ እባክዎ አባየ።"

"እነግራቸዋለሁ" አልኩ።

አልነገርኳቸውም። ረሳሁ ብል ውሸት ነው። አያ ደሴ ራሱ ሐምሌ ላይ ማሽኑ ደጅ ቆሞ "ዘንድሮ ከወንዙ ተራ አረፍን፤ እድሜ ለአንተ" ሲለኝ ነገሩ አፌ ላይ ነበር። ግን እንዴት ልበለው? ሰው ሁሉ ፊት "ነገር ግን የሚባል የለም" ያልኩ ሰው ነኝ። ፈገግ አልኩና ከረጢቱን አሸከምኩት።

ነሐሴ ላይ ትርንጎ መጣች። በመጣች በሁለተኛው ቀን፣ አመሻሽ ላይ ኔትወርክ ጠፋ። ጠዋት ስነሣ ስልኳን ይዛ በረንዳው ላይ ቆማለች።

"እስካሁን የለም" አለች። "አባየ፣ ነግረዋቸዋል አይደል?"

"ለአንዳንዱ" አልኳት። አንድም ሰው አልነገርኩም ነበር።

"ጥበቃውን አልተዉም?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ሄደሽ እዪ።"

"አብረን እንሂድ። እኔን አይሰሙኝም፤ እርስዎን ይሰማሉ።"

"ማሽኑ ላይ ሰው ተሰልፎብኛል። የሸጥሽው አንቺ ነሽ፤ ሰው ለሸጠው ነገር ራሱ ይቆማል።"

እንዲህ ስላት ጥሩ ትምህርት የሰጠኋት መስሎኝ ነበር። ፕላስቲክ ጫማዋን አደረገችና ወጣች።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከባሕር ዳር በኩል የመጣ ሹፌር መፈልፈያው ደጅ ቆሞ "ጉማራ ቁሐርን ዋጣት" ብሎ ሲናገር ሰማሁ። ማሽኑን አጠፋሁት። የማን ሩዝ በመሃል እንደቀረ አላውቅም። በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም።

ስደርስ ከአስፋልቱ ጀምሮ ወደ ታች ያለው ሜዳ ውኃ ሆኗል። ትናንት ሩዝ የነበረበት፣ የወይራ አጥር የነበረበት፣ የእግር መንገድ የነበረበት ሁሉ አንድ ወጥ ቡናማ ውኃ ነው። ከሩቅ የቤተ ክርስቲያኑ ዛፎችና የአንዳንድ ቤት ክዳን ይታያሉ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ፀሐይዋ እንደ በጋ ትፋጃለች። አስፋልቱ ላይ ሰውና ከብት ተቀላቅሎ ቆሟል። ሴቶች የራሰ ልብሳቸውን እየጨመቁ ይጣራሉ፤ ስም እየጠሩ ይቆጥራሉ።

አያ ደሴን አገኘሁት። እስከ ደረቱ ጭቃ ነው። ሁለት በሬዎቹን በአንድ ገመድ ይዟል።

"ልጄን አየሃት?" አልኩት።

"አየኋት" አለኝ። ዓይኔን አላየም። "ጠዋት መጣች። 'መሣሪያው አይሠራም፣ ሰው ወንዝ ዳር ይቀመጥ' አለችን። አረም ላይ ነን። ምን አልናት መሰለህ? 'አባትሽ ያለው ሌላ፣ አንቺ የምትዪው ሌላ፤ ሂጂና ከአባትሽ ጋር ተስማምታችሁ ኑ' አልናት። ሳቅንባት ታከለ፣ አልዋሽህም።"

"ከዚያስ?"

"ሄደችና ራሷ ወንዙ ዳር ተቀመጠች። ብቻዋን። ኋላ እየጮኸች ስትሮጥ መጣች። እሷ ባትጮኽ አሁን እዚህ የቆመው ሰው ግማሹ አይኖርም። ከኋላችን ትመጣ ነበር፤ ግን እማሆይ ጥሩ አልወጣም አሉ። ላሜን ትቼ አልሄድም አሉ። ልጅህ እሳቸው ጋ ቀረች።"

ጣቱን ቀሰረ። ከሩቅ፣ ከሁሉ ባሻገር፣ አንድ የሣር ክዳን ብቻ ይታያል።

አያ ደሴ ቀጠለ። አሁን ድምፁ ከፍ ብሏል፤ በዙሪያችን ያለው ሰውም ይሰማል። "ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህ ነገር ኔትወርክ ሲጠፋ እንደማይሠራ ካወቀች ሰኔ ላይ ለምን አልነገረችንም? ሸጣ ከጨረሰች በኋላ ነው ወይ የሚነገረን?"

ሰዉ ወደ እኔ ዞረ። መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

"ልጄን አምጡልኝ" አልኩ። ሌላ አላልኩም።

ወደ ውኃው ገባሁ። ዋና አልችልም። እዚህ ሜዳ ላይ የተወለድኩ ነኝ፣ እርምጃዬን አውቃለሁ ብዬ ነው። አሥር እርምጃ ሳልሄድ የዋልካው ጭቃ እስከ ጭኔ ዋጠኝ፤ ውኃው ደረቴ ላይ ደረሰ። እግሬን ለመንቀል በታገልኩ ቁጥር የባሰ ሰመጥኩ። አያ ደሴና ሌላ አንድ ሰው የበሬውን ገመድ ወርውረው ጎትተው አወጡኝ። አንድ ጫማዬ እዚያው ቀረ።

"አንተ ብትሰምጥ እሷን ያወጣታል?" ብሎ ጮኸብኝ። "አርፈህ ቁም!"

ስንት ዓመት ሆኖኛል ሰው "ቁም" ካለኝ? ቆምኩ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ያንን ክዳን ሳይ ቆየሁ። ዓይኔን ካነሳሁበት የሚጠፋ ይመስለኝ ነበር። እጸልያለሁ ብዬ ጀመርኩ፤ የማውቀው ጸሎት ሁሉ መሃሉ ጠፋብኝ። ማዘዝ የለመድኩ ሰው ነኝ። እዚያ ግን የማዘው ነገር አልነበረም። ውኃውን አላዘው፤ ፀሐይቱን አላዛት። የማይሠራ ነገር ሲገጥመኝ የምፈታበት ቁልፍ አላጣም ነበር፤ ያን ቀን እጄን የት እንደማስቀምጠው እንኳ አላወቅሁም።

ሰባት ሰዓት ገደማ ከጣና በኩል አንድ ሰው በደንገል ታንኳ እየቀዘፈ መጣ። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ተንጋጋ። እኔም ተጋፍቼ ደረስኩ።

"ወንድሜ፣ ልጄ እዚያ ናት፤ ያቻት ክዳኗ የምትታየው ቤት..."

"አባቴ፣ ሁሉም ልጄ ነው የሚለኝ" አለ። አልተቆጣም። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። "ታንኳዬ ከእኔ ጋር ሦስት ሰው ነው የምትችል። ዛፍ ላይ ያሉ አሉ፤ እነሱ ይቅደሙ። ቤት ውስጥ ያለ ይቆያል።"

"ይቆያል ወይ?" አልኩት።

ታንኳዋን አዞረና ቀዘፈ።

አንድ እናትና ልጅ አመጣ። ተመለሰ። ሽማግሌ አመጣ። ተመለሰ። በእያንዳንዱ ጊዜ ታንኳዋ ስትቀርብ ልቤ ይነሣል፤ ፊቱን ስለየው ይወድቃል። የሰው ልጅ ከሞት ሲወጣ እያየሁ፣ የእኔ ልጅ ስላልሆነች ማዘኔን እዚህ ላይ እናዘዛለሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ኔትወርክ መጣ።

የመምጣቱን ነገር ያወቅነው በአንድ ነገር ነው። አስፋልቱ ላይ የነበረው ስልክ ሁሉ በአንዴ ጮኸ። በየኪሱ፣ በየመቀነቱ ጫፍ፣ በየላስቲኩ ተጠቅልሎ የነበረው ሁሉ። ሰዉ አነሣው። ከሠላሳ ከአርባ ስልክ አንድ ድምፅ ወጣ። የልጄ ድምፅ።

"ጉማራ እየሞላ ነው! ከብታችሁን ወደ ከፍታ አውጡ! ሕፃናትንና አቅመ ደካሞችን አስቀድሙ!"

አንዱ ጨርሶ ሌላው ይጀምራል። አንዲት ሴት ስልኳን መሬት ላይ ወረወረችው። አያ ደሴ የእሱን ፊቱ ላይ ይዞ "አሁን?" አለው። "አሁን ነው የምትነግሪን?" ማንም አልሳቀም። የእኔም ስልክ እጄ ላይ እየጮኸ ነበር። መዝጋት አቃተኝ። ድምፅዋን ነው የያዝኩት፤ ሌላ የያዝኩት ነገር የለኝም።

መልእክቱ ሲያበቃ ለራሷ ደወልኩላት። "የደወሉላቸው ደንበኛ" የሚለው መጣ። ደግሜ ደወልኩ። እሱው ነው። ስንት ጊዜ እንደደወልኩ አላስታውስም።

አሥር ሰዓት ሲሆን ታንኳዋ ከዚያ ክዳን በኩል ስትዞር አየኋት። ሁለት ሰው አለባት። ከፊት ነጭ ቆብ። ከኋላ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የመነኩሲቱን ወገብ አቅፏል። ያ ጎንበስ ያለ ሰው ራሱን ቀና እስኪያደርግ ድረስ የቆየሁትን ያህል በሕይወቴ ቆይቼ አላውቅም።

ትርንጎ ነበረች።

ከታንኳው ስትወርድ ተቀብዬ ያዝኳት። ከልጅነቷ ወዲህ አቅፌያት አላውቅም ነበርና ክንዴ አያያዙን አላወቀበትም። ምንም ሳንነጋገር የእማሆይ ጥሩ ጩኸት ተሰማ።

"ቆረጠችብኝ!" ይላሉ። የቀኝ እጃቸው አንጓ ተልጦ ይደማል። "እናንተ ሰዎች፣ ገመዷን ቆረጠችብኝ! በእጄ አጥብቼ ያሳደግኋት ላም!"

ነገሩ በኋላ ነው የገባን። ውኃው ቤት ሲገባ ትርንጎ እማሆይን ቆጥ ላይ አውጥታቸዋለች። እሳቸው ግን የላሟን ገመድ እጃቸው ላይ ጠምጥመው አልለቅም አሉ። ውኃው ላሚቱን ሲወስዳት እሳቸውም አብረው ከቆጡ ሊወርዱ ሆነ። ልጄ ማጭድ ፈልጋ ገመዱን ቆረጠችው። ላሚቱ በበሩ ፊት አልፋ ሄደች፤ እያዩአት።

አያ ደሴ ቀረበ። ክፉ ሰው አይደለም። ውኃ በጠርሙስ ሰጣት፤ እስክትጠጣም ጠበቀ። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ "ልጄ፣ ዛሬ ስለጮኽሽልን እግዜር ይስጥሽ" አላት። "ግን ሰኔ ሚካኤል ዕለት ለምን ደበቅሽን? ጥበቃውን አትተዉ ብትዪን ምን ነበረበት?"

ትርንጎ አየችኝ። ረጅም አልነበረም። ዓይን አንድ ጊዜ እስኪርገበገብ ያህል ነው። ከዚያ መሬት መሬት እያየች እንዲህ አለች፤

"ረስቼ ነው አያ ደሴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ረስታ!" አለች ከኋላ አንዲት ሴት። "ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ይህን ነው?"

ሌላውም ተቀበለ። እማሆይ ጥሩ ያለቅሳሉ። እኔ እዚያ መሃል ቆሜያለሁ፤ ባንድ እግሬ ጫማ የለኝም። ደንግጬ ቃል ጠፋኝ ብላችሁ ደስ ባለኝ። ቃሉ አልጠፋኝም። ምላሴ ላይ ነበር። ስሜን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።

በማግስቱ "ለምን እንዲያ አልሽ?" አልኳት።

"እኔ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ" አለች። "እርስዎ ግን ከእነሱ ጋር ነው የሚኖሩት።"

በዚያው ሳምንት የድርጅቱ ኃላፊ ደወለላት። በአጠገቧ ስለነበርኩ ሰምቻለሁ። ደህና ነሽ ወይ ብሎ አልጀመረም። መሣሪያው ያለ ኔትወርክ እንደማይሠራ ለደንበኞች ተነግሯል ወይስ አልተነገረም፣ በጽሑፍ አሳውቂ ነው ያላት። "አልተነገረም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" ብላ ጻፈች። ልምምዱ አልተያዘላትም፤ የትምህርት ዘመኗ በግማሽ ዓመት ወደ ኋላ ተጎተተ። ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም። ከወረቀቷ ላይ አንብቤ ነው ያወቅሁት፤ ያን ከረጢት ላይ የተማርኩትን ፊደል አንብቤ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ኅዳር ሚካኤል ሲደርስ ቁሐር ሄድኩ። ውኃው ሄዷል፤ የተረፈው ሩዝ እየታጨደ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ እዚያው ጥላ ሥር ተቀመጠ። ተነሣሁ። የሆነውን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ልትነግራችሁ ስትነሣ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ አልኩ። ንገርልኝ ብላ ለምናኝ ያልነገርኩ እኔ ነኝ አልኩ። "ረስቼ ነው" ያለችው እኔን ለመሸፈን ነው አልኩ።

ቁጣ እጠብቅ ነበር። ቢሰድቡኝ፣ ቢያስነሡኝ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ሰዉ ግን በርኅራኄ ያየኛል።

"ታከለ፣ ተቀመጥ" አለኝ አያ ደሴ በለሰለሰ ድምፅ። "አባት ነህ፤ ይገባናል። እኔም ብሆን ለልጄ እንዲሁ እል ነበር።"

"እውነቴን ነው!"

"እሺ፣ እውነትህን ነው" አለና ከጎኑ ያለውን ሰው አየው። የሚያባብሉኝ ያህል ነበር።

አንዱ "ስትነሣ እኮ አይተናል፤ ሰላምታ ልትሰጥ ነበር የተነሣችው" አለ። ሌላው "ራሷ ረስቼ ነው ብላለች፤ ልጅ በራሷ ላይ በውሸት ትመሰክራለች?" አለ። ላስረዳቸው በጮኽኩ ቁጥር ይበልጥ አዘኑልኝ። በመጨረሻ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሬ እጄን አነሣሁ። ልምልላቸው ነበር። እማሆይ ጥሩ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡና እጄን ያዙኝ። ጠባሳው አንጓቸው ላይ አለ።

"ተው ልጄ" አሉኝ። "ለልጅህ ብለህ በሚካኤል ደጅ በውሸት አትማል። እኔ እኮ ይቅር ብያታለሁ።"

እጄን አወረድኩ።

በሕይወቴ አንድ ጊዜ የማላውቀውን ነገር ነገርኳቸው፤ ሁሉም አመኑኝ። አንድ ጊዜ የማውቀውን ነገርኳቸው፤ አንድም የሚያምነኝ አጣሁ። ለትርንጎ በስልክ ስነግራት "ይተዉት አባየ፤ ደከመዎት" አለችኝ። ከዚያ ስለ ትምህርቷ አወራችኝ። ቁሐር ድጋሚ አልሄደችም። ወረታ ገበያ ስትወጣ የሚያውቋት "መሣሪያሽ ተናገረ ወይ?" ይሏታል። አንገቷን ደፍታ ታልፋለች።

አባቶች ሆይ፣ ልጅ ማሳደግ ማዘዝ የሚመስላችሁ እንደኔ ያላችሁ፤ ልጃችሁ በሰው ፊት "ነገር ግን" ስትል አታስቀምጧት። አንገቷን ቀና አድርጋ ትጨርስ። ምናልባት እሷ የምታውቀውን እናንተ አታውቁም። ምናልባት ያቺ ያልተጨረሰች ንግግር የአንዲት መነኩሲት ላም ናት፤ ምናልባትም የሰው ነፍስ ናት። ከረፈደ በኋላ እኔ እናገራለሁ ብትሉ የሚሰማችሁ ላታገኙ ትችላላችሁ። እኔ አላገኘሁም።

ይህን የጻፍኩት ለዚያ ነው። በአፌ ስነግራቸው አባት መሆኔን ነው የሚሰሙት። በወረቀት ላይ ግን ምናልባት አንድ የማያውቀኝ ሰው፣ የማያዝንልኝ ሰው፣ ያምነኝ ይሆናል። ሰኔ ሚካኤል ዕለት ልጄ ልትነግራቸው ተነሥታ ነበር። ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ።